ርካሽ የሚገዛ ማን ነው?

ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ

የትምህርት ቤታችን መጽሔት በየዓመቱ ሲወጣ ስለ ትምህርት ጥቅም፣ ስለ አገር ፍቅርና ስለ ጓደኝነት የሚጽፉ አይታጡም። እኔም ከእነርሱ ጋር ብሰለፍ ክብሬ ነበር። ዳሩ ግን በየቤታችን ማታ ማታ የሚነሣው ወሬ የሽንኩርትና የዘይት ነገር ስለ ሆነ፤ ዘንድሮ ስለ ዘንቢል ጥቂት ለመጻፍ ተነሣሁ። አንዳንድ የክፍል ጓደኞቼ፤ ይልቁንም ወንዶቹ፤ «ይህስ የእናቶች ጉዳይ ነው» ብለው ገጹን ለመግለጥ እንደሚቸኩሉ ዐውቃለሁ። ቢታገሡኝ ግን በሒሳብ ደብተራችን ያላገኘነው ሒሳብ በዘንቢል ውስጥ እንዳለ ላሳያቸው እሞክራለሁ።

በአሜሪካ አገር በቨርጂንያ የምትኖር አክስት አለችኝ። በስልክ እንደምታጫውተን፤ በዚያ አገር አስቤዛ መግዛት ራሱን የቻለ ዕቅድ ይጠይቃል። የምግብ መደብሮች የትኛው ዕቃ በስንት እንደ ቀነሰ የሚገልጽ ማስታወቂያ በየሳምንቱ ያወጣሉ፤ ኩፖን የሚባለውም ቁራጭ ወረቀት ለገንዘብ ተቀባዩ ሲሰጥ ከዋጋው ላይ ይቀነሳል። ዱሮ ሰው ከጋዜጣ ላይ በመቀስ እየቆረጠ ያጠራቅመው ነበር፤ ዛሬ ብዙው በእጅ ስልክ ሆኗል። አክስቴ በመጀመሪያ ቤቷ የጎደለውን ትጽፋለች፤ ቀጥላ የትኛው መደብር ምን እንደ ቀነሰ ትመለከታለች፤ መኪናዋን የምታስነሣው ከዚያ በኋላ ነው። ዘዴው አዲስ አይደለም። ኮካ ኮላ በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገና ሲጀምር አንድ ብርጭቆ በነጻ የሚያስጠጣ ወረቀት ለሕዝብ ያድል ነበር። የቀመሰ ሰው ሁለተኛውን በገንዘቡ እንደሚጠጣ ዐውቆ ነው እንጂ ቸርነት አስገድዶት አይደለም።

ከአክስቴ ወሬ ሁሉ ይበልጥ የገረመኝ የበዓሉ ነገር ነው። አሜሪካኖች በኅዳር ወር የምስጋና ቀን የሚሉት በዓል አላቸው፤ በዚያም ቀን ተርኪ የተባለውን ትልቅ ወፍ ጠብሰው ይበላሉ። ታዲያ በዓሉ ሲቃረብ ብዙ መደብሮች የተርኪውን ዋጋ ይቀንሳሉ! በእኛ አገር የፋሲካ ሰሞን የዶሮ ዋጋ ወረደ ቢባል ማን ያምናል? መጀመሪያ ስሰማ ነጋዴዎቻቸው ከእኛዎቹ ይልቅ ርኅሩኆች መስለውኝ ነበር። ነገሩን ሳስበው ግን ልዩነቱ ከልብ ሳይሆን ከሱቁ ስፋት የመጣ ነው። ትልቁ መደብር በተርኪው ላይ ቢከስር፤ ያንን ብሎ የመጣው ሰው ቅቤውን፣ ድንቹን፣ ለስላሳውንና ጣፋጩን ሁሉ ከዚያው ገዝቶ ስለሚሄድ ኪሳራው ይካሳል። የእኛ ዶሮ ሻጭ ግን አሥራ አምስት ዶሮ አንጠልጥሎ ከገጠር የመጣ ሰው ነው። ከዶሮው በቀር የሚሸጠው የለውም፤ በምን ይካሳል? ስለዚህ ፈላጊ በበዛ ጊዜ ዋጋ ይጨምራል፤ እኔም በዚህ አልፈርድበትም።

«ኩፖን» የሚለው ቃል በአገራችን የታወቀ ቢሆንም ትርጉሙ ሌላ ነው። በ1967 ዓ.ም. ቀበሌዎች ከተቋቋሙ በኋላ በደርግ ዘመን ስኳር፣ ዘይትና ሳሙና በቀበሌ ሱቅ በቤተሰብ ቁጥር እየተመደበ በካርድና በኩፖን ይታደል ነበር። አያቶቻችን ኩፖን ሲባል ትዝ የሚላቸው ቅናሽ ሳይሆን ወረፋ ነው።

እንግዲህ የቅናሽ ማስታወቂያ በማይታደልበት ከተማ አስቤዛ የሚያቅድ ሰው በምን ይመራል? በእኔ አስተያየት በቀን መቁጠሪያ ይመራል። ጤፍ ከኅዳር ጀምሮ ይታጨዳል፤ ይወቃል፤ በታኅሣሥና በጥር አዲሱ እህል ወደ ገበያ ይገባል። በሐምሌና በነሐሴ ግን ጎተራው እየጎደለ፣ መንገዱም እየጨቀየ ስለሚሄድ አብዛኛውን ጊዜ ይወደዳል። ደግነቱ ጤፍ ነቀዝ አይደፍረውም፤ በደረቅ ቦታ ከተቀመጠ ብዙ ጊዜ ይቆያል። ዛላ በርበሬም ክረምቱ ወጥቶ ፀሐይ ስትበረታ ተገዝቶ ቢሰጣ ለዓመት የሚሆን ድልህና በርበሬ ይወጣዋል። ቅቤ በጾም ወራት ፈላጊው ይቀንሳል፤ የዐቢይ ጾም 55 ቀን ስለ ሆነ ብልኅ እናት በመካከሉ ገዝታ አንጥራ ታስቀምጣለች፤ ለፋሲካ ዋዜማ አትጋፋም። (የሚሸጠው ሁሉ ቅቤ ነው ወይ የሚለው ጥያቄ ሌላ ጽሑፍ ይወጣዋልና እዚህ አላነሣውም።) ሽንኩርት እንኳ አየር በሚያገኝ ደረቅ ቦታ ከተዘረጋ ሳምንት ሁለት ሳምንት ይቆያል፤ ስለዚህ የዶሮውን ሽንኩርት በበዓሉ ዋዜማ የሚገዛ ሰው የቀጠሮውን ቀን እያወቀ የዘገየ ነው። በ2017 ዓ.ም. እንደ ሆነው ዐቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ሰሞን ሲገጥሙ ደግሞ የሁለቱንም ቀን መቁጠሪያ ማየት ያስፈልጋል። የክርስቲያኑም የሙስሊሙም ማጀት የሚሸምተው ከአንድ ገበያ ነውና።

ከቀኑ ቀጥሎ ቦታው ይመጣል። እዚህ ላይ የብዙ ሰው ሒሳብ ይሳሳታል። ለምሳሌ ያህል በሩቁ ገበያ ሽንኩርት በኪሎ 10 ብር ይረክሳል እንበል። የታክሲው ደርሶ መልስ 40 ብር ቢሆን፤ ሦስት ኪሎ የሚገዛ ሰው 30 ብር አተርፋለሁ ብሎ 10 ብር ከስሮ ይመለሳል። አሥር ኪሎ የሚገዛ ግን 60 ብር ይተርፈዋል። ከአሥሩ ሦስቱ ኪሎ ቢበሰብስበትስ? አተረፍሁ ያለው ገንዘብ ከሽንኩርቱ ጋር ወደ ቆሻሻው ይሄዳል። ቦታም አለ ሲሉት ይነሣል። ፒያሳ የነበረው አትክልት ተራ በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ወደ ጃን ሜዳ ተዛወረ፤ በኋላም ወደ ኃይሌ ጋርመንት አካባቢ ሄደ። በእግሩ ደርሶ ይመለስ ለነበረ የፒያሳ ሰው ያ ለውጥ በየኪሎው ላይ የታክሲ ሒሳብ ጨመረበት። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በየክፍለ ከተማው የተከፈቱት የእሁድ ገበያዎች ይህን ችግር በመጠኑ አቃልለዋል፤ አምራቹን ወደ ሰፈር ስላቀረቡት የተመሰገኑ ናቸው።

ሰዓትም የራሱ ዋጋ አለው። የጉልት ነጋዴ ሊመሽ ሲል የቀራትን ቲማቲም አቅፋ ከማደር መደቡን አሳንሳ መስጠት ትመርጣለች። «መርቂልኝ» የሚለውም ልመና የእኛ ኩፖን ነው ብል የተሳሳትሁ አይመስለኝም፤ ያውም ያለ መቀስ የሚገኝ። ነገር ግን ምርቃት የሚያገኝ ደንበኛ ነው። አንድ ቀን ርካሽ ፍለጋ ሌላ ዘንድ፤ ሌላ ቀን ደግሞ ሌላ ዘንድ የሚዞር ሰው በማንም ዘንድ ደንበኛ አይሆንም፤ የበሰበሰውም ከሥር የሚገባው በእርሱ ዘንቢል ነው።

በትልልቆቹ መደብሮች የሚለጠፈውን «ታላቅ ቅናሽ» የሚል ቀይ ጽሑፍ በሚመለከት አሳቤ አጭር ነው። በቤት ዝርዝር ላይ ያለ ዕቃ ከቀነሰ ቅናሽ ነው፤ በዝርዝሩ ላይ የሌለ ዕቃ ከቀነሰ ወጪ ነው። ጊዜው ሊያልፍ የተቃረበ ብስኩት ሁለት ሲገዙ ሦስተኛው በነጻ ቢሰጥ፤ ቀኑን ሳያነቡ መደሰት አይገባም። ሳሙና ከሆነ ግን እሰየው፤ ሳሙና አይሻግትም።

እስከዚህ ድረስ የጻፍሁትን ብዙ እናቶች ከእኔ አብልጠው ያውቁታል። ይህን ሁሉ እያወቁ የማያደርጉት ለምንድር ነው? ጽሑፌን የጻፍሁት በዚህ ጥያቄ ምክንያት ነው። መልሱም ርካሽ ዋጋ የሚገኘው በመቆየትና በብዛት በመግዛት ስለ ሆነ፤ መቆየት ደግሞ ገንዘብ ስለሚጠይቅ ነው። በጥር አንድ ኩንታል ጤፍ የሚገዛ ሰው የብዙ ወር ቀለቡን ዋጋ በአንድ ቀን ይከፍላል። በቀን ሥራ የሚተዳደር አባት ይህን ከየት ያመጣል? እርሱ የሚገዛው እንጀራውን በቁጥር፣ ዘይቱን በመለኪያ፣ በርበሬውን በማንኪያ፣ ስኳሩን በሩብ ኪሎ ነው። በየመለኪያው ላይ የቸርቻሪው ትርፍ አለ፤ በዱቤ ከወሰደማ ዋጋ የመከራከር አንደበትም የለውም። በዓመቱ መጨረሻ ቢደመር፤ ያው አንድ ኩንታል ከባለመኪናው ይልቅ ለቀን ሠራተኛው በውድ ዋጋ ተሽጦለታል። ሰዎች ደግሞ «ድኻ ገንዘብ አያያዝ አያውቅም» ሲሉ እሰማለሁ! ማወቅስ ያውቃል፤ የሚይዘው ነው ያጣው። በሸማቾች ኅብረት ሥራ ማኅበር ሱቅ ዘይትና ስኳር በተመጣጣኝ ዋጋ ሲመጣ እንኳ ወረፋ የሚቆመው ግማሽ ቀን ያለው ሰው ነው። የቀን ሠራተኛው ግማሽ ቀን ቢቆም የግማሽ ቀን ደመወዙን ያጣል።

ስለዚህ ዕቅድ ለብቻ ከሚሆን በማኅበር ቢሆን ይሻላል እላለሁ። በሰፈራችን አራት ቤተሰቦች፤ እናቴም ከእነርሱ አንዷ ናት፤ ከመስከረም ጀምረው በየወሩ ትንሽ ትንሽ እያዋጡ በጥር ከእህል በረንዳ ሁለት ኩንታል ሠርገኛ ጤፍ አስጭነው መጡ። የጭነቱን ዋጋ ለአራት ተካፈሉት፤ ጤፉንም በሚዛን ለያንዳንዳቸው 50 ኪሎ ደረሳቸው። ነገሩ ያለ እንከን አልተፈጸመም። በታኅሣሥ አንደኛዋ ባለቤቷ ታሞ ድርሻዋን መክፈል አቃታት፤ ሌሎቹ ሦስቱ ሞሉላትና በየካቲት መለሰች። ነጭ ጤፍ ይሁን ሠርገኛ በሚለውም ሁለት እሁድ ሙሉ ተከራክረዋል። ቢሆንም ክረምት መጥቶ ዋጋው ሲንር ከአራቱ ቤት አንዱም ጤፍ ፍለጋ አልወጣም። ዕቁብና ዕድር የመሠረተ ሕዝብ ይህን ለማድረግ ከውጭ አገር መማር የሚያስፈልገው አይመስለኝም፤ የለመደውን ማኅበር በመከር ወር ላይ ማዋል ብቻ ነው።

አንድ የማከብራቸው መምህር ይህን አሳቤን ሰምተው «ሁሉም ቢያከማች ገበያው አይራቆትምን?» አሉኝ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ዘይት ጠፋ ሲባል ሮጦ አምስት ጀሪካን መሸከም ጎረቤትን መበደል ነው፤ እጥረቱንም ያብሰዋል። አዲስ እህል በገባበት ወር የቤትን ቀለብ ያህል መግዛት ግን ሌላ ነገር ነው። ያን ጊዜ በገበያው ሞልቷል፤ ገበሬውም ገዢ ይፈልጋል። በክረምቱም ያ ቤተሰብ ከገበያው ስለሚቀር ለሌላው ይተርፋል። ወሰኑ ቀለብ ነው፤ ከቀለብ አልፎ ለመሸጥ የሚያስቀምጥ ሰው ስሙ ሌላ ነው።

ክቡራን ወላጆች፤ በዓመቱ መጀመሪያ ለስብሰባ ወደ ትምህርት ቤት ስትመጡ በየሰፈራችሁ አምስት አምስት ወይም አራት አራት እየሆናችሁ ለጤፍ ብትመዘገቡ እኛ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች መዝገቡን ልንይዝ፣ ሚዛኑንም ልንቆጣጠር እንችላለን። ለወንዶቹ ጓደኞቼም የሚተርፍ ሸክም ይኖራል፤ 50 ኪሎ ከገበያ እስከ ወፍጮ ቤት በእናት ጀርባ ሊሄድ አይገባውም። ገንዘቡን ማን ይያዝ የሚለው ክርክር እንደሚነሣ አስቀድሜ ዐውቃለሁ። በእኔ አሳብ ከየቡድኑ ሁለት ሰዎች በጣምራ ፊርማ በባንክ ቢያስቀምጡት፤ ደረሰኙም በየወሩ ለአባላቱ ቢነበብ ይበቃል። የመጀመሪያው መዋጮ በመስከረም ካልተጀመረ ግን ለጥር አይደርስም።