ኪነ ጥበብ፣ ካፒታልና የ«አመራር» ዲግሪ

የማንኛውም ኅብረተሰብ ኪነ ጥበብ ከዚያ ኅብረተሰብ ኤኮኖሚያዊ መሠረት የሚመነጭ፣ ተመልሶም በመሠረቱ ላይ ተጽዕኖ የሚያሳድር የላዕላይ መዋቅር አካል መሆኑ ደጋግሞ የተነገረ ነው። ይህ ጥቅል አነጋገር እውነት ቢሆንም ብቻውን ብዙ አያስተምርም። የአንድን ቲያትር ቤት የመብራት ሒሳብ ማን እንደሚከፍል፣ ከፋዩም በምላሹ ምን እንደሚያገኝ በዝርዝር ሲመረመር ግን አነጋገሩ ሥጋና ደም ይለብሳል።

በዩናይትድ ስቴትስና በብሪታኒያ ዩኒቨርሲቲዎች ከግማሽ ምእተ ዓመት ወዲህ አንድ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ሥር ሰድዷል። ቀድሞ «የኪነ ጥበብ አስተዳደር» ይባል የነበረው ይኸው ትምህርት ዛሬ በአያሌ ተቋማት «የኪነ ጥበብ አመራር» የሚል ከፍ ያለ ስም አግኝቷል፤ የገንዘብ ማሰባሰብ ጥናትም አብሮት ይሰጣል። ተማሪው ሥዕልን ወይም ትወናን አይማርም። ሠዓሊውንና ተዋናዩን የሚያሠራው ድርጅት እንዴት እንደሚቆም፣ በተለይም ከማን፣ ምን ያህል ገንዘብ፣ በምን ዘዴ እንደሚጠየቅ ይማራል። ላይ ላዩን ለሚያየው ተራ የሙያ ሥልጠና ነው። ዳሩ ግን ለልመና ማስተርስ ዲግሪ የሚሰጥ ሥርዓት ሳያስበው ስለ ራሱ የሚመሰክረው ብዙ ነገር አለ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ትምህርቱ የተወለደበት ዘመን እንዲያው በአጋጣሚ የተገኘ አይደለም። በ1965 ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን ብሔራዊውን የኪነ ጥበባት ድጋፍ ድርጅት ያቋቋመውን ሕግ ፈረሙ። በ1966 የፎርድ ፋውንዴሽን ለ61 ሲምፎኒ ኦርኬስትራዎች 80 ሚሊዮን ዶላር ያህል መደበ፤ ኦርኬስትራዎቹም በበኩላቸው ተጨማሪ ገንዘብ እንዲያሰባስቡ ግዴታ ጣለባቸው። የዬል ዩኒቨርሲቲ የድራማ ትምህርት ቤት የቲያትር አስተዳደርን ማስተማር የጀመረው በዚያው በ1960ዎቹ አጋማሽ ነበር። በ1975 የሙያው መምህራን የራሳቸውን ማኅበር መሠረቱ። ገንዘቡ መጣ፤ ገንዘቡን የሚቆጥር መጣ፤ ተጨማሪ የሚለምን መጣ፤ በመጨረሻም ለማኙን የሚያስተምር መጣ።

የዚህን ሁሉ ምክንያት ከማንም በላይ በግልጽ ያስቀመጡት፣ የሚያስገርመው፣ ሁለት የቡርዥዋ ኤኮኖሚ ሊቃውንት ናቸው። ዊልያም ባውሞልና ዊልያም ቦወን በ1966 ባሳተሙት መጽሐፍ ስለ መድረክ ጥበባት የኤኮኖሚ አጣብቂኝ የደረሱበት ድምዳሜ የሚከተለው ነው። በፋብሪካ መሣሪያው እየተሻሻለ በሄደ ቁጥር አንድ ሠራተኛ በሰዓት የሚያመርተው እየጨመረ ይሄዳል፤ ደመወዙም በትግልም ሆነ በገበያ ከፍ ይላል። ቤትሆቨን ለአራት ባለ ክር መሣሪያ ተጫዋቾች የደረሰውን ሙዚቃ ለማሰማት ግን በእርሱ ዘመን አራት ሰዎች ያስፈልጉ ነበር፤ ዛሬም አራት ያስፈልጋሉ። ሙዚቃው የሚፈጀው ደቂቃም ያው ነው፤ ማንም ማሽን አያሳጥረውም። ሙዚቀኛው ግን እንደማንኛውም ሰው በዛሬው ዋጋ ዳቦ ይገዛል፣ በዛሬው ዋጋ ቤት ይከራያል። በመሆኑም የመድረክ ሥራ ዋጋ ከሌላው ምርት ጋር ሲነጻጸር ያለማቋረጥ እየናረ ይሄዳል፤ የመግቢያ ቲኬት ብቻውን ሊሸፍነው አይችልም። ጉድለቱ የሚመጣው አስተዳዳሪው ሰነፍ ስለ ሆነ ሳይሆን ከሥራው ጠባይ ነው። «የወጪ በሽታ» የሚባለው ይህ ነው።

ጉድለቱን የሚሸፍኑ ሦስት ወገኖች ብቻ አሉ፤ መንግሥት፣ ከበርቴው፣ ወይም በዝቅተኛ ደመወዝ የሚሠራው የኪነ ጥበብ ሰው ራሱ። ሦስተኛው ከፋይ በማንኛውም የሒሳብ መዝገብ ላይ ስሙ አይሰፍርም። አሜሪካ በዋናነት ሁለተኛውን መርጣለች ይባላል፤ ይህም ግማሽ እውነት ነው። ከ1917 ጀምሮ ለበጎ አድራጎት የሚሰጥ ገንዘብ ከግብር ከሚከፈልበት ገቢ ላይ እንዲቀነስ ሕጉ ይፈቅዳል። ከ2018 እስከ 2025 ከፍተኛው የገቢ ግብር ተመን 37 ከመቶ ስለ ነበረ፣ በዚያ እርከን ላይ ያለ ባለጸጋ አንድ ሚሊዮን ዶላር ቢለግስ እስከ 370 ሺህ ዶላር የሚደርስ ግብር ይቀርለት ነበር። ከ2026 ወዲህ የጥቅሙ ጣሪያ ወደ 35 ከመቶ ዝቅ ብሏል፤ ነገሩ ግን ያው ነው። ከስጦታው ሲሶ የሚሆነውን የሸፈነው መንግሥት ሊሰበስበው ይገባ የነበረው ግብር፣ ማለትም የሕዝብ ገንዘብ ነው። በግድግዳው ላይ የሚቀረጸው ስም ግን የአንዱ ብቻ ነው። ገንዘቡ ለየትኛው ሙዚየም፣ ለየትኛው ኦፔራ እንደሚውል የሚወስነውም እርሱ ብቻ ነው።

በትምህርት ክፍሉ ውስጥ የሚሰጠውን እንመልከት። ለትርፍ ያልቆሙ ድርጅቶች የሒሳብ አያያዝ፣ የኪነ ጥበብ ሕግ፣ የገበያ ጥናት፣ ከባለአደራዎች ቦርድ ጋር አብሮ የመሥራት ዘዴ ይገኙበታል። እነዚህ ጠቃሚ ዕውቀቶች ናቸው፤ ሒሳቡን የማያውቅ ቲያትር ቤት የማንም መደብ ቲያትር ቢሆን ይዘጋል። የትምህርቱ እምብርት ግን ሌላ ነው፤ ለጋሽን የማግኘት ጥበብ። ይህም ደረጃዎች አሉት። በመጀመሪያ ባለገንዘቡ ይለያል፤ ያለው ሀብት፣ የአክሲዮን ይዞታው፣ ቀድሞ ለማን እንደ ሰጠ ይጠናል። ቀጥሎ ይለማመዳል፤ በልምምድ አዳራሽ ከተዋንያኑ ጋር ይተዋወቃል፣ እራት ይጋበዛል። ከዚያ ጊዜው ሲደርስ፣ የገንዘቡም መጠን አስቀድሞ ከተቆረጠ በኋላ፣ ይጠየቃል። በመጨረሻም እንደገና እንዲሰጥ በምስጋና እንክብካቤ ይያዛል። አያቶቻችን ይህንን ሥራ ደጅ ጥናት ይሉት ነበር። ልዩነቱ፣ የእኛ ደጅ ጠኚ በጌታው አጥር ሥር ዓመታት ሲቀመጥ የትምህርት ክፍያም አልተጠየቀ፣ ዲግሪም አልተሰጠው።

ሙያው ራሱን የሚገልጽበት ምስል ፒራሚድ ነው። ከታች አሥርና ሃያ ዶላር የሚሰጡ ብዙኃን አሉ፤ ከላይ ጥቂቶች። ለታላላቅ ዘመቻዎች ከሚሰበሰበው ገንዘብ አብዛኛው የሚመጣው ከጫፉ መሆኑን ማንኛውም ሰልጣኝ ገና ከጅምሩ ይማራል። እንዲያውም ዘመቻው ለሕዝብ ከመነገሩ በፊት «ጸጥተኛ» የሚባል ምዕራፍ አለ፤ ትልቁ ድርሻ በጥቂት ሰዎች ቃል የሚገባው በዚህ ጊዜ ነው። ሰፊው ሕዝብ የሚጠራው ነገሩ ካለቀ በኋላ ለማጀብ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በኒው ዮርክ ሊንከን ሴንተር የሚገኘውን የፊልሃርሞኒክ አዳራሽ ታሪክ እንውሰድ። በ1973 ኤቨሪ ፊሸር የተባለው የድምፅ መሣሪያዎች አምራች 10.5 ሚሊዮን ዶላር ለገሰ፤ አዳራሹም በስሙ ተጠራ። አርባ ዓመት አልፎ እድሳት ሲያስፈልግ ስሙን እንደገና መሸጥ ግድ ሆነ። የፊሸር ቤተሰብ ስሙን እንዲለቅ 15 ሚሊዮን ዶላር ተከፈለው፤ ከአባትየው ስጦታ የሚበልጥ መሆኑ ነው። በ2015 ዴቪድ ጌፈን 100 ሚሊዮን ዶላር ሰጠ፤ አዳራሹ የእርሱን ስም ይዞ በ2022 ተከፈተ። ጌፈን በሰጠበት በዚያው በ2015 የመላው አሜሪካ የኪነ ጥበባት ድጋፍ ድርጅት ዓመታዊ በጀት 146 ሚሊዮን ዶላር ነበር። አንዱ ግለሰብ ለአንድ አዳራሽ የሰጠው፣ መንግሥት ለሃምሳዎቹ ግዛቶች በሙሉ ከመደበው ሁለት ሦስተኛውን ያህላል። በመኳንንቱ ግብር ላይ የአዝማሪው ውዳሴ ከግብሩ ጋር ያልቅ ነበር፤ የዚህኛው ግን በድንጋይ ላይ ተጽፎ ይኖራል፣ ሌላ የበለጠ የሚከፍል እስኪመጣ ድረስ።

ከዚህ የከፋም አለ። የሳክለር ቤተሰብ ንብረት የነበረው ፐርዱ ፋርማ በ1996 ኦክሲኮንቲን የተባለውን የሕመም ማስታገሻ ለገበያ አቀረበ፤ ኩባንያው በ2007ና በ2020 በፍርድ ቤት ጥፋተኛነቱን አምኗል። በእነዚህ ዓመታት ሁሉ የቤተሰቡ ስም በታላላቅ ሙዚየሞች ግድግዳ ላይ ያበራ ነበር። በማስታገሻው ሱስ ተይዛ የነበረችው ፎቶግራፍ አንሺ ናን ጎልዲን በ2017 የተቃውሞ ቡድን መሠረተች። በመጋቢት 2018 ቡድኑ በሜትሮፖሊታን ሙዚየም፣ በሳክለር ስም በተሰየመው ክንፍ፣ ከግብፅ በመጣው የዴንዱር ቤተ መቅደስ ፊት ባለው ውሃ ላይ የመድኃኒት ጠርሙሶች በተነ። በ2019 የለንደን ብሔራዊ የምስል ጋለሪ የአንድ ሚሊዮን ፓውንድ ስጦታ ሳይቀበል ቀረ፤ ሉቭር ስሙን አነሣ፤ ሜትሮፖሊታን በታኅሣሥ 2021 ተከተለ። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ስጦታውን እንዴት ማግኘት እንደሚቻል የሚያውቁ ባለሙያዎች በየሙዚየሙ ነበሩ፤ ስጦታው ከየት እንደመጣ የጠየቀችው ግን ከደጅ የመጣች የኪነ ጥበብ ሰው ናት። በዚያው በ2019 የዊትኒ ሙዚየም ምክትል ሊቀ መንበር ዋረን ካንደርስ፣ ኩባንያው አስለቃሽ ጋዝ የሚሸጥ በመሆኑ በተነሣ ተቃውሞ ሥልጣኑን ለቀቀ፤ እዚያም የግፊቱ መነሻ ሠራተኞችና ሠዓሊያን ነበሩ።

ከዚያ ወዲህ የስጦታ ሥነ ምግባር በየትምህርት ክፍሉ ርእስ ሆኗል። መልካም ነው። ይሁን እንጂ የሥነ ምግባር ደንብ የገንዘቡን ፍላጎት አያጠፋም። ቴት ጋለሪ ከነዳጅ ኩባንያው ቢፒ ጋር የነበረው የሃያ ስድስት ዓመት ስፖንሰርነት በ2017 አበቃ፤ የብሪታኒያ ሙዚየም ደግሞ በታኅሣሥ 2023 ከዚያው ኩባንያ በአሥር ዓመት 50 ሚሊዮን ፓውንድ ለመቀበል መስማማቱን አስታወቀ። አንዱ በር ሲዘጋ ገንዘቡ በሌላው ይገባል።

እንግዲህ ሁሉን ለመንግሥት መተው መፍትሔ ነውን? ጥያቄው በመፈክር የሚመለስ አይደለም። በ1989 በዋሽንግተን የኮርኮራን ጋለሪ የሮበርት ሜፕልቶርፕን የፎቶግራፍ ትርኢት የሰረዘው የመንግሥት ድጋፍ እንዳይቀርበት ፈርቶ ነው። የአሜሪካ ምክር ቤት የኪነ ጥበባት ድርጅቱን በጀት በ1995 ከነበረበት 162 ሚሊዮን በ1996 ወደ 99.5 ሚሊዮን ዶላር ቆረጠ፤ በግንቦት 2025 ደግሞ ለአያሌ ድርጅቶች የተፈቀደ ድጋፍ በአንድ ምሽት በደብዳቤ ተሰረዘ። በሌላውም ጎራ ቢሆን፣ ሙዚቀኛው የወር ደመወዙ በማይቋረጥበት በሶቪየት ኅብረት፣ በጥር 1936 በፕራቭዳ የወጣ አንድ ጽሑፍ የሾስታኮቪችን ኦፔራ ከመድረክ አውርዷል። የአገራችንም ቲያትር ቤቶች በመንግሥት በጀት ሲተዳደሩ ሳንሱርን ጠግበዋል። ስለዚህ የገንዘቡ ምንጭ ብቻ ሳይሆን፣ በገንዘቡ ላይ የሚወስነው አካል ለማን ተጠሪ ነው የሚለው ጥያቄ መነሣት አለበት። የአመራር ትምህርቱ ቦርድን እንዴት ማስደሰት እንደሚቻል ያስተምራል፤ ቦርዱ ለምን በባለሀብቶች ብቻ እንደሚሞላ ግን እንደ ተፈጥሮ ሕግ አድርጎ ያልፈዋል።

ሦስተኛውን ከፋይ እንዳንረሳው። የፊላዴልፊያ የሥነ ጥበብ ሙዚየም 233 ሚሊዮን ዶላር የፈጀ እድሳት አካሂዶ በ2021 አጠናቀቀ። በ2022 መጸው፣ የሙዚየሙ ሠራተኞች የደመወዝና የሕክምና ዋስትና ጥያቄያቸው ስላልተመለሰ ለአሥራ ዘጠኝ ቀናት ሥራ አቆሙ፤ ውል የተፈረመው ከዚያ በኋላ ነው። ለሕንፃው ለጋሽ የሚገኘው ሕንፃ ስም ስለሚሸከም ነው። የጥበቃ ሠራተኛ ወይም የመዝገብ ቤት ጸሐፊ ደመወዝ ላይ የማንም ስም አይቀረጽም። ለሙያው በሚያዘጋጀው ዲግሪ በርም ላይ ይኸው የመደብ ማጣሪያ ይጠብቃል፤ ክፍያውን የሚችል፣ አንዳንዴም ያለ ደመወዝ ልምምድ ለመሥራት አቅም ያለው ወጣት ይገባል፤ የወዛደሩ ልጅ በብድር ገብቶ በዝቅተኛ ደመወዝ ብድሩን ይከፍላል።

ቅራኔው በአንድ ሰው ሥራ ውስጥ ተሰብስቦ ይታያል። በ1970 በአዲስ አበባ የተወለደችው ሠዓሊ ጁሊ ምሕረቱ ከታላላቅ ሥራዎቿ አንዱን፣ ሃያ አራት ሜትር ያህል የሚረዝመውን የግድግዳ ሥዕል፣ በ2009 የሠራችው ለጎልድማን ሳክስ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት ነበር፤ የዋጋው መጠን አምስት ሚሊዮን ዶላር ነበር። ይህ የሆነው የዎል ስትሪት ቀውስ ሚሊዮኖችን ከሥራና ከቤት ባፈናቀለ ማግሥት ነው። ሥዕሉ ራሱ የገበያና የንግድ መንገዶችን ታሪክ በመስመር ላይ መስመር የሚደራርብ ነው፤ ባንኩም ገዝቶ ከመግቢያው ሰቀለው። ይህችው ሠዓሊ በ2024 ለዊትኒ ሙዚየም ከሁለት ሚሊዮን ዶላር በላይ ለገሰች። ስሟ በአዳራሽ ላይ እንዲጻፍ ሳይሆን ዕድሜያቸው 25 እና ከዚያ በታች የሆኑ ሁሉ ያለ ክፍያ እንዲገቡ ነው። ከታኅሣሥ 2024 ጀምሮ በዚያ ከተማ የሚኖር የማንኛውም ሠራተኛ ልጅ፣ የእኛም ስደተኞች ልጆች ጭምር፣ በነጻ ይገባሉ። ስጦታው የሚሸፍነው ሦስት ዓመት ነው። ከዚያ በኋላ ማን እንደሚከፍል የሙዚየሙ ገንዘብ አሰባሳቢዎች ከወዲሁ ስም ዝርዝር ማውጣት ይኖርባቸዋል።