ደብዳቤው ሲመጣ መምህሩ ማንን ይይዛል?

ከአጣዬ ተነስቶ ጤና ሳይንስ ሊማር ወደ ደብረ ብርሃን የሚወጣ ተማሪ 140 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ የሚገባበት ግቢ «አሥራት ወልደየስ» ይባላል። ግቢው በስማቸው የተሰየመላቸው ሰው ከሚያስተምሩበት ዩኒቨርሲቲ በደብዳቤ የተባረሩ መሆናቸውን ግን ስንቱ ተማሪ ያውቃል?

ፕሮፌሰር አሥራት በኤድንብራ ቀዶ ሕክምና ተምረው የተመለሱና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን የሕክምና ፋኩልቲ ካቋቋሙት አንዱ ነበሩ። ታኅሣሥ 26 ቀን 1985 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች በኤርትራ ሕዝበ ውሳኔ ጉዳይ ተቃውሞ ሰልፍ ወጡ፤ ጥይት ተተኮሰ፤ ሰው ሞተ፤ ዩኒቨርሲቲው ተዘጋ። ከጥቂት ወራት በኋላ ፕሮፌሰሩን ጨምሮ ከ40 በላይ መምህራን ተሰናበቱ። እኚያ የቀዶ ሕክምና ሊቅ ኋላ ታስረው፣ ታመው፣ ግንቦት 1991 ዓ.ም. አሜሪካ ፊላደልፊያ ውስጥ አረፉ። ስማቸው በግቢ በር ላይ የተጻፈው ከዚያ ሁሉ በኋላ ነው።

የዚያ ስንብት ታሪክ ሲነሳ ሁሌ የሚወራው ስለ ፖለቲካው ነው። ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ግን ለተባረሩት መምህራን ሊቆም ይችል የነበረው ማኅበር ምን እንደደረሰበት ነው። በ1941 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ መምህራን ማኅበር ፕሬዚዳንት የነበሩት ዶ/ር ታዬ ወልደሰማያት ራሳቸው ከተሰናበቱት አንዱ ናቸው። በ1988 ዓ.ም. ታሰሩ፤ 15 ዓመት ተፈረደባቸው፤ ቅጣቱ በይግባኝ ተቀንሶ በ1994 ዓ.ም. ወጡ። የማኅበሩ ኃላፊ የነበሩት አቶ አሰፋ ማሩ ሚያዝያ 30 ቀን 1989 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ በፖሊስ ጥይት ተገደሉ። በጎን በዚያው ስም ሌላ ማኅበር ቆመ፤ የስምና የንብረት ክርክሩ ዓመታት ፈጅቶ በ2000 ዓ.ም. ፍርድ ቤት ለአዲሱ ወሰነ። ነባሮቹ በሌላ ስም እንመዝገብ ሲሉም ተከለከሉ፤ አቤቱታቸው ጄኔቭ ድረስ፣ ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ዘንድ ደረሰ።

ይህ ሁሉ የድሮ ወሬ መስሎ የሚታየው ካለ ዛሬ በግል ኮሌጆች ውስጥ የሚሆነውን ይመልከት።

የ12ኛ ክፍል ፈተና በ2014 ዓ.ም. በአዲስ መንገድ ሲሰጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው ተማሪ 3.3 በመቶ ብቻ ነበር። በተከታዩ ዓመት ደግሞ 3.2 በመቶ ሆነ። በዚያው ዓመት የመውጫ ፈተና ተጀመረ። ቀጥሎ የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን የግል ከፍተኛ ትምህርት ተቋማትን እንደገና ልመዝግብ አለ፤ መሥፈርቱን ያላሟሉት ከገበያ ወጡ። የዲግሪ ተማሪ ጠፋ፣ ክፍል ባዶ ሆነ። በክፍያ የሚኖር ኮሌጅ ክፍያ ሲቀር መጀመሪያ የሚቆርጠው ደመወዝ ነው።

እዚህ ላይ ፍርደ ገምድል መሆን አያስፈልግም። ዲግሪ እንደ ሸቀጥ ሲቸረችሩ የኖሩ ተቋማት መዘጋታቸው የሚያስለቅስ ነገር አይደለም። ተማሪ የሌለውን ክፍል መምህር ይቁምበት ብሎ ማስገደድም አይቻልም። ቅነሳ የግድ የሚሆንበት ጊዜ አለ። የመምህራኑ ስጋትም «ለምን ተቀነስን?» ከሚለው ይልቅ «እነማን፣ በምን መለኪያ፣ ማንን አማክራችሁ?» የሚለው ላይ ነው።

ለዚህ ጥያቄ ሕጉ መልስ አለው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የግል ኮሌጅ መምህርን ይመለከታል። ቅነሳው ከሠራተኛው ቢያንስ 10 በመቶውን የሚነካ ከሆነ አሠሪው ከሠራተኛ ማኅበሩ ወይም ከሠራተኞች ተወካዮች ጋር መመካከር አለበት። ችሎታና ምርታማነት ያላቸው ይቀራሉ፤ እኩል የሆኑት መካከል የአገልግሎት ዘመንና የቤተሰብ ሸክም ይታያል። የ2 ወር ማስጠንቀቂያ አለ። የሥራ ስንብት ክፍያ አለ፤ በዚያ ላይ የ60 ቀን ደመወዝ ይጨመራል።

ታዲያ ይህን ሁሉ ላለመክፈል ቀላሉ ዘዴ ምንድን ነው? ቅነሳን ቅነሳ ብሎ አለመጥራት። መምህሩ በየሴሚስተሩ ውል ይፈርማል። አምስትና ስድስት ዓመት ያንኑ ኮርስ ያስተምራል፤ ውሉ ግን ሁሌ የአራት ወር ነው። ተማሪ ሲያንስ «ውልዎ አልቋል» የምትል አንዲት አንቀጽ ትበቃለች። ምክክር የለ፣ መለኪያ የለ፣ ክፍያ የለ። ዛሬ ሦስት ሰው፣ በሚቀጥለው ሴሚስተር አራት ሰው እየተባለ 10 በመቶ የሚባለው ነገር በወረቀት ላይ ሳይደረስ ግማሹ መምህር ይወጣል። ሕጉ እኮ ይህንንም አስቦበታል፦ ማንኛውም የሥራ ውል ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ ይቆጠራል፤ ለተወሰነ ጊዜ መቅጠር የሚቻለው አዋጁ በዘረዘራቸው ሁኔታዎች ብቻ ነው። ይህን በመምህሩ ፋንታ ጮክ ብሎ የሚናገር ማኅበር ግን በአብዛኛው ኮሌጅ ውስጥ የለም። አንድ መምህር ብቻውን ተነስቶ ቢናገር ደግሞ በሚቀጥለው ሴሚስተር ኮርስ አይሰጠውም፤ በቃ።

አዲስ አበባ ላይ አንዱ ኮሌጅ ያሰናበተውን ሌላው በክፍለ ጊዜ ሊቀጥረው ይችላል። በይፋት ቆላ እንዲህ ያለ ነገር የለም። አጣዬ በ2013 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ ተቃጥላ እንደገና ቤት የሠራች ከተማ ናት። እዚያ ደመወዝተኛ ማለት የጎረቤቱን ሱቅ ዱቤ የሚከፍል፣ የተፈናቀለ ዘመድ የሚያስጠጋ ሰው ማለት ነው። በዚያ አውራ ጎዳና ላይ ካሉት ከተሞች በአንዱ ሲያስተምር የተሰናበተ መምህር ሌላ ኮሌጅ ፍለጋ ቤተሰቡን ትቶ መሄድ፣ በሰላሙ ሁኔታ የተነሳ የማይተማመኑበትን መንገድ መያዝ አለበት፤ ወይም ማስተማሩን መተው። ብዙው የሚመርጠው ሁለተኛውን ነው ቢባል ማን ይፈርድበታል?

የመንግሥት ኮሌጅ መምህሩም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 42 የመንግሥት ሠራተኞችም መደራጀት እንደሚችሉ ይናገራል፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ግን እነሱን አይመለከትም፤ በኅብረት የመደራደሪያ መንገድ የሚያበጅላቸው ሕግም አልወጣም። ዩኒቨርሲቲዎች በ2015ቱ አዋጅ ራስ ገዝ እንዲሆኑ መንገድ ተከፍቷል። ራስ ገዝነት የመምህራን የቆየ ጥያቄ ነበር፤ ደግም ነው። ነገር ግን ዩኒቨርሲቲው ሠራተኛውን ራሱ የሚያስተዳድር ከሆነ፣ ሠራተኛውም ፊት ለፊት ተቀምጦ የሚደራደርበት ማኅበር ሊኖረው ይገባል። አንዱን ሰጥቶ ሌላውን ማስቀረት ለፕሬዚዳንቱ ብቻ ነፃነት መስጠት ነው።

የግል ኮሌጅ መምህራን ግን አዲስ ሕግ መጠበቅ አያስፈልጋቸውም። 10 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ባለበት ድርጅት ማኅበር ማቋቋም በዚሁ አዋጅ ተፈቅዷል። 10 ሠራተኛ የሌለው ኮሌጅ ደግሞ ኮሌጅ አይባልም። ፋብሪካዎች ለዓመታት ያደረጉትን፣ የሆቴልና የባንክ ሠራተኞች ያደረጉትን፣ ሕጉን አንብቦ ለሌላው የሚያስረዳው መምህር ያላደረገው ለምን እንደሆነ መልስ ያለበት ራሱ መምህሩም ጭምር ነው። ከፊሉ «ሠራተኛ ማኅበር» የሚለው ስም ለማስተርስ ባለቤት የማይመጥን ይመስለዋል። የስንብት ደብዳቤው ግን ማዕረግ አይለይም።

እስከዚያው ደብዳቤው የደረሰው ሰው አንድ ነገር ይያዝ። በሕገ ወጥ መንገድ ተሰናብቻለሁ፣ ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ክስ መቅረብ ያለበት በ3 ወር ውስጥ ነው። ቀኑ የሚቆጠረው ውሉ ከተቋረጠበት ዕለት እንጂ ኮሌጁ «ቆይ እንጠራሃለን» ማለቱን ካቆመበት አይደለም።