የመጣችውን እናት እንጠይቃት

በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በኢትዮጵያ በጤና ተቋም የተወለዱት ሕፃናት ከመቶ 26 ብቻ ነበሩ። በ2011 ዓ.ም. ቁጥሩ 48 ደርሷል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት ዞረው ቀስቅሰዋል፤ የመንግሥት ጤና ጣቢያዎች በነጻ አዋልደዋል። እናቶችም ኑ ሲባሉ መጥተዋል። የሚቀረን የመጡትን መጠየቅ ነው።

ለክትትል የመጣች ነፍሰ ጡር ደሟና ሽንቷ ይመረመራል፤ የደም ግፊቷ ይለካል። ይህ ሕይወት ያድናል። ምርመራው ለምን እንደሆነና ውጤቱ ምን እንደሚል ሳይነገራት ቀጠሮ ይዛ ከወጣች ግን ታየች እንጂ አልተማከረችም።

ሥራዋን የምታውቅ አዋላጅ ብርቱ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ ወይም ደም መፍሰስ ሲያጋጥም ለምን ሳይውል ሳያድር መምጣት እንደሚያስፈልግ ታስረዳለች። ቤቷ ሩቅ ለሆነ እናት ስለ እናቶች ማቆያ ትነግራታለች። ከወሊድ በኋላ የሚሻላት የእርግዝና መከላከያ ሉፕ፣ በክንድ የሚቀበረው ወይም ሌላ እንደሆነ፣ ጥቅሙንም የጎንዮሽ ጉዳቱንም ሳትደብቅ ምጥ ከመምጣቱ በፊት ታወያያታለች። መራጯ ግን እናቲቱ ናት።

በገጠር ብዙ ሴቶች ተንበርክከው መውለድን ከእናቶቻቸው ተምረዋል። ጤና ጣቢያ ሲደርሱ ሳይጠየቁ በጀርባቸው ይተኛሉ፤ አብራ የመጣች እናት ወይም እህት በር ላይ ትቀራለች። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጣው መመሪያ ግን ወላድ የሚመቻትን አኳኋንና አጠገቧ የሚሆነውን ሰው ራሷ እንድትመርጥ ይመክራል፤ ብልትን በዘልማድ መሰንጠቅንም አይደግፍም።

አዋላጆች ወረፋው ጊዜ አይሰጠንም ይላሉ። እውነታቸውን ነው። ደም እየፈሰሰ ረጅም ውይይት አይካሄድም። ንግግሩ በክትትሉ ወራት መጀመር ያለበትም ለዚሁ ነው። ስለዚህ ኃላፊዎች የምክር ሰዓትን እንደ ሥራ ይቁጠሩ፤ አስታማሚ እንዲገባ በማዋለጃ አልጋዎች መካከል መጋረጃ ያስገቡ። ክትትሉንም በመጡት ብዛት ብቻ አይለኩት፤ እናቶችን ሲወጡ «ተነገረሽ? ተጠየቅሽ?» ይበሏቸው። «አይሆንም» ያለች እናትም ቁጣ ሳይሆን ማብራሪያና ሌላ አማራጭ ይገባታል።