አኩሪ አተሩ ሲወጣ፣ ፋፋው ሲገባ

ጥር ላይ በመተከል ዞን ቡለን ገበያ የወጣ ሰው ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው ማዳበሪያ ላይ ነው። ኬሻውን ማለቴ ነው፤ ባላገር ጆንያውንም ማዳበሪያ ይለዋል። በቆሎ፣ ማሽላ፣ ዳጉሳ፣ ኑግ፣ ሰሊጥ፣ አኩሪ አተር። የጉሙዝ ሴቶች ትከሻቸው ላይ ባጋደሙት ዘንግ ግራና ቀኝ አንጠልጥለው ያመጡት እህል ነጋዴው ሚዛን ፊት ይወርዳል። ዋጋ የሚጠራው ነጋዴው ነው። ገበሬው የማዳበሪያ ዕዳ አለበት፤ ይኼኛው መሬት ላይ የሚበተነው ነው። ሸጦ ይገባል። እህሉም ተጭኖ በድባጤ በኩል ወደ ቻግኒ ያቀናል።

አሁን ደግሞ ፋፋን እንመልከት። ፋፋ በንጉሡ ዘመን በስዊድን ድጋፍ የተጀመረ የሕፃናት ምግብ ስም ነበር፤ ዛሬ በየትምህርት ቤቱና በየጤና ጣቢያው የሚታደል የእርዳታ ዱቄት ሁሉ በዚሁ ስም ይጠራል። የዚህ ዱቄት ዋና ዋና ግብዓት ምን መሰላችሁ? በቆሎና አኩሪ አተር። ቡለን ጥር ላይ አስጭኖ የሸኘው ማለት ነው።

እኔን የሚያንገበግበኝ እህሉ ወጥቶ በዱቄት መልክ መዞሩ ብቻ አይደለም፤ መዞሩን እንደ ደንብ መያዛችን ነው። የዓለም ምግብ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ1994 የተማሪዎች ምገባ ከጀመረ ወዲህ፣ ምገባ ሲባል ዓይናችን ላይ የሚመጣው ከሩቅ የተላከ ጆንያ፣ የዘይት ቆርቆሮና የመጋዘን ቁልፍ ነው። ድርቅ በሚደጋገምበት ቆላ ይህ ትክክል ነበር፤ እዚያ ሌላ ምን ይደረጋል? መተከል ግን ዝናብ የነፈገው አገር አይደለም። እዚያው ዞኑ ውስጥ ፓዌ ያለው የግብርና ምርምር ማዕከል በአኩሪ አተር ዝርያ የሚታወቅ ነው። እንዲህ ያለ አገር ላይ የተማሪ ምሳን «እርዳታ» ብሎ መጥራት ገበሬውን ከሻጭነት ወደ ተረጂነት ማውረድ ነው።

«ከአካባቢው እንግዛ» የሚለው ሐሳብ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2012 በቀድሞው ደቡብ ክልል በአገር ውስጥ ምርት የሚካሄድ ምገባ በሙከራ ተጀምሯል። ስብሰባ ላይ የሚቃወመው የለም፤ ሁሉም ጭንቅላቱን ይነቀንቃል። የሚወድቀው ግዥ ክፍል ሲደርስ ነው። ግልጽ ጨረታ፦ የታደሰ ንግድ ፈቃድ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ ታክስ ክሊራንስ፣ የጨረታ ማስከበሪያ። ግማሽ ሄክታር አኩሪ አተር ያላት እናት ከእነዚህ የትኛውን ይዛ ትቅረብ? ጨረታው የሚከፈተው ክልሉ ዋና ከተማ ቢሆንስ? ከቡለን አሶሳ ለመድረስ የኖረው መንገድ በቻግኒ፣ በቡሬ፣ በነቀምት ዞሮ የሚሄደው ነው። ወደ ገዛ ክልል ከተማ ለመግባት ሁለት ክልል ማቋረጥ! ፖስታውን የሚያስገባው ጥር ላይ እህሏን የመዘነው ነጋዴ ነው፤ ሰነዱ የተጻፈው እሱን በሚመስል ሰው ልክ ነዋ።

ብራዚሎች ይህን በሕግ ፈቱት። እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጡት ሕግ የፌዴራል መንግሥቱ ለተማሪ ምግብ ከሚሰጠው ገንዘብ ቢያንስ 30 በመቶው ከቤተሰብ እርሻ እንዲገዛ አስገደዱ። መቶኛው ብዙ ይወራለታል፤ እኔን የሳበኝ ግን ሌላው አንቀጽ ነው፦ ዋጋው ከአካባቢው ገበያ ጋር እስከተመጣጠነ ድረስ ግዥው ያለ ጨረታ እንዲፈጸም ይፈቅዳል። ከሻጮቹም መካከል ለነባር ሕዝቦች ቅድሚያ ይሰጣል። ለጉሙዝና ለሺናሻ ገበሬ ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያሻም።

«ጥራቱስ?» ይባላል። አፍላቶክሲን ቀልድ አይደለም፤ በደንብ ያልደረቀ በቆሎና ኦቾሎኒ ልጅ ይጎዳል። ነገር ግን ነጋዴው መጋዘን ያለው በቆሎ የደረቀው የት ነው? እዚያው ቡለን አውድማ ላይ። ደረሰኝ ሻጋታ አያስለቅቅም። የእርጥበት መለኪያና ሸራ ማቅረብ ይሻላል።

«ጸጥታውስ?» ይህኛው ከባድ ነው። ታኅሣሥ 14 ቀን 2013 በቡለን ወረዳ በበኩጂ ቀበሌ ከመቶ በላይ ሰው ሲገደል ወቅቱ የመኸር ነበር። ስንቱ እህሉን ማሳ ላይ ጥሎ ቻግኒ መጠለያ ገባ፤ አምራች የነበረው ስንዴ ተሰፋሪ ሆነ። በዚያ ወቅት ከማን ይገዛ ነበር ለሚለው መልስ የለኝም። የተመለሰው ገበሬ ግን ከዘር ቀጥሎ የሚያስፈልገው የታወቀ ገዢ ነው። በሚቀጥለው ዓመት ይህን ያህል ኩንታል እገዛለሁ የሚል ትምህርት ቤት ከዚያ የተሻለ ምን ይስጠው?

ምግቡ ራሱ ሳይነሳ አይታለፍ። የማሽላ ገንፎ፣ ባሚያ፣ ዱባ፣ በወቅቱ ማንጎ፤ ልጆቹ እቤታቸው የሚያውቁት ነው። ማብሰሉንም እናቶቻቸው ያውቁበታል። የዱቄት ከረጢት ላይ የተጻፈ መመሪያ የሚያነብላቸው አይፈልጉም።

ከሁሉ የሚከፋው ግን የቀን መቁጠሪያው ነው። የመንግሥት በጀት ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ ጎተራው ባዶ፣ እህሉ ውድ በሆነበት ወቅት። ምርቱ የሚገባው ከኅዳር እስከ ጥር ነው፤ ያኔ ጨረታው ገና በግምገማ ላይ ይሆናል። ጥር ላይ ለመስከረም የሚሆን በቆሎ ገዝቶ ላስቀምጥ የሚል ርዕሰ መምህር ቢኖር እንኳ መጋዘን የለውም። ያልተነካው ገንዘብ ደግሞ ሰኔ 30 ተመላሽ ይደረጋል። መስከረም ላይ ትምህርት ቤቱ ሲከፈት እህል የሚገኘው ነጋዴው ዘንድ ነው። ያው ጥር ላይ ከዘንጉ የወረደው በቆሎ፣ በያኔው ዋጋ ሳይሆን በአሁኑ።