ሐዋላው ተቆጠረ፤ እርጅናዋስ?

አያቴ 22 ዓመት ሙሉ ሠርታ የአንድ ወር ጡረታ ሳትቀበል ነው የሞተችው። ባለፈው ዓመት በ69 ዓመቷ አረፈች፤ አላህ ይዘንላት። ይህን የምጽፈው ግን ለሐዘን ብቻ አይደለም። እንደሷ ዓረብ አገር ወጥተው፣ ልጅ አሳድገው፣ ቤት ሠርተው በመጨረሻ ባዶ እጃቸውን የተቀመጡ እናቶች በየሰፈሩ ስላሉ ነው። እኛ ወሎ ውስጥማ እንዲህ ዓይነት እናት የሌለችበት ሰፈር ፈልጎ ማግኘት ይከብዳል።

ታሪኳ አጭር ነው። በ1984 ዓ.ም. ከደሴ ወጣ ብላ ካለች ትንሽ ከተማ በዑምራ ቪዛ ወደ ጅዳ ሄደች። ባሏ ሞቶባታል፣ ሦስት ልጆች አሏት፣ ዕድሜዋ 36 ነው። ቪዛው ሲያልቅ እንደ ብዙዎቹ እዚያው ቀረች። በወር 600 ሪያል የሰው ቤት ገባች። ምግብ ታበስላለች፣ ታጥባለች፣ ትተኩሳለች፣ ሕፃን ታቅፋለች። በአንዱ ቤት ብቻ አራት ልጆች አሳድጋለች።

መጻፍ ስለማትችል ድምጿን በካሴት እየቀዳች በሚመጣ ሰው ትልክ ነበር። እናቴ አንዳንዶቹን ካሴቶች እስካሁን አልጣለቻቸውም። ናፍቆት ትሰማለህ ብዬ ከፍቼ ሳዳምጥ አብዛኛው ሒሳብ ነው። ይህ ለትንሹ ጫማ፣ ይህ ለጣራው ቆርቆሮ፣ ይህ ለቅሬው መዋጮ (ሌላው አገር እድር የሚለውን እኛ ቅሬ ነው የምንለው)፣ ከተረፈ ለዒድ በግ። ኢኮኖሚክስ ተምሬ ተመርቄያለሁ፤ እንደዚያች ሴት በጀት የሚያወጣ ሰው ግን አላየሁም።

ገንዘቡም እንደ ካሴቱ በሰው እጅ ነበር የሚመጣው። ስለዚህ ብሔራዊ ባንክ በሚመዘግበው ሐዋላ ውስጥ እንኳ የለችበትም። ዛሬ በባንክ የሚልኩት እህቶቻችን ቢያንስ ዶላራቸው ይቆጠራል። የሚቆጠረው ግን ዶላሩ ብቻ ነው።

ነገሩ በትምህርት ቤትም የምናውቀው ነው። የአሜሪካን ብሔራዊ ገቢ በ1934 እ.ኤ.አ. አስልቶ ለሴኔቱ ያቀረበው ሳይመን ኩዝኔትስ የቤት እመቤቶችን ሥራ ከሒሳቡ ውጭ አድርጎታል። ያን መንገድ ዓለም ሁሉ ተከተለው። በዚህ ስሌት አያቴ የራሷን ልጅ ስትታቀፍ ዜሮ ናት፤ ጅዳ ሄዳ የሰው ልጅ ስትታቀፍ ግን 600 ሪያል ናት።

አሜሪካዊቷ የማኅበረሰብ ጥናት ምሁር አርሊ ሆችሽልድ በ2000 እ.ኤ.አ. «ዓለም አቀፍ የእንክብካቤ ሰንሰለት» ያለችው ነገር ደግሞ አለ። ሀብታም አገር ያለች እናት ሥራ ስትገባ ከድሃ አገር የመጣች እናት ልጇን ትይዝላታለች። የዚያችኛዋን ልጆች ደግሞ ሌላ ሰው ይይዛል። የሰንሰለቱ መጨረሻ ላይ ማን አለ? ብዙ ጊዜ ትልቋ ሴት ልጅ ናት። በእኛ ቤት እናቴ ነበረች። በ14 ዓመቷ ከስምንተኛ ክፍል ወጥታ ሁለት ወንድሞቿን አሳደገች። አያቴ የላከችው ብር አጎቶቼን አስተምሯል፤ የእናቴ ደብተር ግን የተዘጋው ያኔ ነው። ይህን ወጪ የትኛውም የሐዋላ ሰንጠረዥ አያሳይም።

በ2006 ዓ.ም. የሳዑዲ የምሕረት ጊዜ ሲያበቃ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ሲመለሱ እሷም አንዷ ነበረች። የመጨረሻ የሦስት ወር ደሞዟን አሠሪዋ አልሰጣትም። የት ሄዳ ትከሰስ? ወረቀት የላትም። ቢኖራትም የሳዑዲ የሠራተኛ ሕግ የቤት ሠራተኛን አያካትትም፤ ለነሱ የተለየ ደንብ የወጣው ልክ እሷ በተባረረችበት ዓመት ነው። በዓረቦቹ ብቻ አንፍረድ። የእኛም የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 የቤት ሠራተኛዋን ከነሙሉ መብቷ አላቀፋትም፤ በሌላ ደንብ ይታይ ብሎ አልፏታል።

ስትመለስ አረፈች? አላረፈችም። የ14 ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ትንሿ እህቴ ገና አምስት። አያቴ ለእናቴ «ልጆቹን ለእኔ ተይልኝ፣ አንቺ ያቋረጥሽውን ጨርሺ» አለቻት። እናቴ በ36 ዓመቷ የማታ ትምህርት ገባች፣ አሥረኛ ክፍልን ጨረሰች። እኛን ትምህርት ቤት የምታደርሰን፣ ምሳችንን የምትቋጥር፣ ስንታመም የምታድር አያቴ ሆነች። ያም ሥራ በማንም መዝገብ የለም።

አንዳንዱ «ቤት ሠርታ የለም እንዴ? ልጆቿስ አይጦሯትም?» ይለኛል። ልክ ነው፣ ሠርታለች። ሦስት ክፍል የቆርቆሮ ቤት። ግን ቤት አይበላም። ስትታመም አንዱን ክፍል ሸጠሽ መድኃኒት ግዢ አይባልም፤ ልጆችና የልጅ ልጆች ይኖሩበታል። ልጆቿም ጦረዋታል። ጡረታ የሚለው ቃል ራሱ ከመጦር የመጣ ነው። ልዩነቱ ግን ይህ ነው፦ ጡረታ ሲኖርህ የራስህን ትቀበላለህ፣ ከሌለህ ከልጅህ ትጠይቃለህ። ዕድሜዋን ሙሉ ሰጪ የነበረች ሴት መጠየቅ ይከብዳታል። አያቴ የደም ግፊት ኪኒኗን ለሁለት እየሰበረች ትውጥ ነበር፤ እንዲበረክትላት። እናቴ ያወቀችው ዘግይቶ ነው።

እስቲ አንድ ቀላል ሒሳብ እንሥራ። አገር ውስጥ የግል ድርጅት ሠራተኛ ለጡረታ 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ ያዋጣሉ፤ በድምሩ 18 በመቶ። የ600 ሪያል 18 በመቶ በወር 108 ሪያል ነው። ደሞዟ በ22 ዓመት ጭራሽ አላደገም ብንል እንኳ 264 ወር ሲባዛ 28,512 ሪያል ይሆናል። ሪያል በዶላር 3.75 ሆኖ ስለቆየ ይህ ያለ ምንም ትርፍ ከ7,600 ዶላር በላይ ነው። ለአንድ የገጠር ከተማ አሮጊት ይህ ቀልድ አይደለም። የኪኒኑን ጉዳይ በደንብ ይዘጋው ነበር።

ይህ ሕልም አይደለም። ፊሊፒንስ በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ ውጭ አገር የሚሠሩ ዜጎቿን በማኅበራዊ ዋስትና ሥርዓቷ ውስጥ በግዴታ አስገብታለች። እኛም ስለ ውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ አለን፤ ስለ ኤጀንሲ ፈቃድ፣ ስለ ዋስትና ገንዘብ፣ ስለ ውል በዝርዝር ይናገራል። መሄጃዋን አስበንላታል። 60 ዓመት ሲሞላት ምን ትበላለች የሚለውን ግን ገና በደንብ አልጠየቅንም።

ግዴታ ይሁን አልልም። ከ600 ሪያል ላይ በግድ ቁረጥ ማለት ሌላ ግፍ ነው፤ የአሠሪውን 11 በመቶ ማን ይከፍላል የሚለውም ጥያቄ አለ። ግን በፈቃደኝነት፣ በስልክ የሚከፈል፣ ኤጀንሲም ወረቀትም የማይጠይቅ ቁጠባ ቢከፈትስ? አንድ ነገር ግን የግድ ነው፦ በውጭ ምንዛሪ ይያዝ። አያቴ ስትሄድ ዶላር 2 ብር ከ7 ሳንቲም ነበር፤ ዛሬ ከ100 ብር በላይ ነው። በብር ብታስቀምጥ ኖሮ 22 ዓመቷን ውሃ በላው ማለት ነበር። ዶላሯን እንዲህ የምንፈልግ ከሆነ የእርጅና ድርሻዋንም በዶላር መጠበቅ ያንስባታል?

ለአያቴ ይህ ሁሉ አልፏል። ዛሬ ማታ በሪያድ፣ በቤይሩት፣ በኩዌት የሰው ዕቃ እያጠበች ያለች የ30 ዓመት ሴት ግን ገና 30 ዓመት ጊዜ አላት። እስከዚያው ግን ቤታችሁ ከዓረብ አገር የተመለሰች እናት ካለች ዛሬ ኪኒኗን አንሱና ቁጠሩላት። ግማሽ የሆነ ካለ፣ ሳትጠይቃችሁ ሙሉውን ግዙላት።