በእናት ደም ውስጥ የአባት ምልክት

ባለፈው ሳምንት በሻይ ክበባችን አንድ ክርክር ተነሥቶ ነበር። ከእርጉዝ ሴት ክንድ ጥቂት ደም ተቀድቶ የፅንሱ ጾታ ይታወቃል ቢባል ግማሾቻችን ሳቅን። ነገሩ ግን እውነት ነው።

ዴኒስ ሎ የተባሉት የሆንግ ኮንግ ተወላጅ ሐኪምና ባልደረቦቻቸው በ1997 (እ.ኤ.አ.) በእናቲቱ የደም ፕላዝማ ውስጥ የፅንሱ ዲ.ኤን.ኤ. እንደሚገኝ አሳወቁ። ይኸውም በአብዛኛው ከእንግዴ ልጁ የሚመነጭ ነው። ምርመራው የሚፈልገው የዋይ ክሮሞዞምን ምልክት ሲሆን፣ ከተገኘ ፅንሱ ወንድ ነው፤ ከታጣ ሴት ነች ይባላል። ደሙ ከሰባተኛው ሳምንት በፊት ከተቀዳ ግን የፅንሱ ዲ.ኤን.ኤ. ገና ስለሚያንስ ወንዱም «ሴት» ሊባል ይችላል።

ምርመራውን አናወግዝም። ሄሞፊሊያን የመሰለ፣ በእናት በኩል ተላልፎ ይበልጡን ወንዶችን የሚያጠቃ በሽታ ላለበት ቤተሰብ ትልቅ እፎይታ ነው። ፅንሱ ሴት ከሆነች ለዚሁ በሽታ ሲባል በረጅም መርፌ የሽርት ውሃ መቅዳቱ ሊቀር ይችላል፤ መርፌው ደሞ አልፎ አልፎ ያስወርዳል።

የምንቃወመው ሴቷን እየለዩ ለማስወረድ ሲውል ነው። ህንድ ገና በአልትራሳውንድ ዘመን፣ በ1994 (እ.ኤ.አ.)፣ የፅንስን ጾታ ለወላጅ መንገርን በሕግ ከለከለች። ቻይናም ከልክላለች፤ ሆኖም የእርጉዞች ደም በድብቅ ወደ ሆንግ ኮንግ እየተላከ ይመረመር እንደነበረ ታውቋል። በ2010 (እ.ኤ.አ.) የቻይና ቆጠራ ለ100 ሴት ሕፃናት 118 ያህል ወንዶች ተወልደዋል፤ በተፈጥሮው ቢሆን 105 ገደማ ነው። ያንን ያደረገው በአመዛኙ አልትራሳውንድ ነው። የደሙ ምርመራ ደግሞ ከዚያ ይቀድማል፤ ሆድ ሳይገፋ፣ ጎረቤት ሳያውቅ።

እኛስ? በብዙ አካባቢያችን ለወንድ ልጅ የሚደጋገመው እልልታ ለሴት ያንሳል። ሴት ሴት የወለደች እናት ትታማለች፤ ባልም በዚሁ አመካኝቶ ሌላ ያገባል። ለመሆኑ መሣሪያው በእናት ደም ውስጥ የሚያድነው ምንን ነው? አባትየው የሰጠውን ዋይ እኮ ነው! እናት ያላት ኤክስ ብቻ ነው፤ የሌላትን ከየት አምጥታ ትስጥ?

ይህን በገጠር ት/ቤት ሰሌዳ ላይ የሚጽፈው ማን ነው? እኛው ነን። ታዲያ ባለፈው የማስተማር ልምምድ አንዳንዶቻችን «ተማሪዎቹ ይስቁብናል» ብለን ስለ መራባት የሚናገረውን ምዕራፍ ዘለልነው። (የዘለልነው እናውቃለን።) በሚቀጥለው ልምምድ ምዕራፉ እንዳይዘለል፣ መምህራኖቻችንም ሊገመግሙን ሲመጡ በዚያው ትምህርት ሰዓት እንዲመጡ እንጠይቃለን።