ተማሪው የማይናገርበት «አሳታፊ» ትምህርት

በዩኒቨርሲቲዎቻችን ሰሞነኛ ከሆኑት ቃላት አንዱ «ኢ-ለርኒንግ» ነው። ሥልጠናው ይሰጣል፣ ባነሩ ይሰቀላል፣ አመራሩ ፎቶግራፍ ይነሣል። ከዚያም መምህሩ ወደ ቢሮው ተመልሶ ለዓመታት ያልነካውን ስላይድ ወደ ፒዲኤፍ ይለውጥና በቴሌግራም ይለቅቀዋል፤ ተማሪው አውርዶ ይሸመድዳል። በሪፖርቱ ላይ ግን ትምህርቱ በቴክኖሎጂ ተደግፎ በአሳታፊ መንገድ እንደተሰጠ ይጻፋል። ውድ አንባቢያን፣ የዚህ ጽሑፍ ክርክር አጭር ነው። የጎደለን መሣሪያ አይደለም። የምንሸሸው መሣሪያው የተሠራለትን ጉዳይ ነው፤ ተማሪው እንዲጽፍ፣ እንዲመልስልንና እንዲሞግተን መፍቀድን።

ይህን በሽታ ከአሁን በፊትም ታመነዋል። በ1996 እና በ1997 ዓ.ም. ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የገባውን «ፕላዝማ» የማያስታውስ ማን አለ? በደቡብ አፍሪካ የተቀረጸ ትምህርት በሳተላይት አማካይነት በመላ አገሪቱ ለሚገኙ ክፍሎች በአንድ ሰዓት ይለቀቅ ነበር። የክፍለ ጊዜውን አብዛኛውን ደቂቃ ስክሪኑ ይወስደዋል፤ ለመምህሩ የምትተርፈው ለመግቢያና ለመዝጊያ የምትሆን ጥቂት ደቂቃ ነበረች። በስክሪኑ ውስጥ ያለችው አስተማሪ ትጠይቃለች፣ ጥቂት ሰከንድ ትጠብቃለች፣ ክፍሉ መለሰም አልመለሰም መልሱን ተናግራ ታልፋለች። መብራት ሲጠፋ የዕለቱ ትምህርት አብሮ ይጠፋል። የሚገርመው፣ በዚያው ዘመን ለዩኒቨርሲቲ መምህራን «ሃየር ዲፕሎማ» የሚባል ሥልጠና ተከፍቶ ስለ አሳታፊ አስተማሪነት ይሰበክልን ነበር። በአንድ እጅ መምህሩን «ተማሪህን አናግር» እያሉ በሌላው እጅ ተማሪውን አራት ዓመት ሙሉ በዝምታ አሠልጥኖ መላክ የጤና ነውን?

«በቅድሚያ ወንበር፣ ቤተ ሙከራና መብራት ይሟላ» የሚሉ ባልደረቦቼን ስጋት አከብራለሁ፤ ዳሩ ግን ክርክራቸው ግማሽ እውነት ነው። ሙድል በነጻ የሚገኝ ሶፍትዌር ነው፤ በግቢው ሰርቨር ላይ ከተጫነ የውጭው ኢንተርኔት ቢቋረጥም በግቢው ኔትወርክ ይሠራል። አሳታፊነት ከባሕር ማዶ የመጣ ፋሽን ነው የሚለው ደግሞ ጭራሽ አያስኬድም። የቅኔ ቤት ተማሪ የመምህሩን ቅኔ ሸምድዶ አይመረቅም። የራሱን ቆጥሮ በጉባኤ ፊት ለመምህሩ ይነግራል፣ ጓደኞቹ እየሰሙት ይታረማል፣ ሲሳካለት «ይበል» ይባላል። ዘመናዊው ዩኒቨርሲቲያችን ከአብነት ትምህርት ቤቱ ሽምደዳውን ወርሶ መፍጠሩንና በጉባኤ መታረሙን በሩ ላይ ጥሎት ገባ።

ዊኪን እንውሰድ። የቡድን ሥራ በግቢዎቻችን ምን ማለት እንደሆነ የታወቀ ነው፤ አምስት ስም ይጻፋል፣ አንድ ሰው ይሠራል፣ አምስቱም እኩል ውጤት ያገኛሉ። «አንድ ለአምስት» የተባለው አደረጃጀት ይህን ልማድ አላረመውም፤ መዋቅር ሰጠው እንጂ። በዊኪ ላይ ግን እያንዳንዷን ዓረፍተ ነገር ማን፣ በየትኛው ቀንና ሰዓት እንደጻፋት፣ ማንስ እንደሰረዛት በታሪክ ገጹ ይመዘገባል። ትጉሁም ሰነፉም ይታያል። መምህሩም እንዲሁ፤ ሴሚስተሩን ሙሉ ሲያርም የቆየው፣ በመጨረሻው ሳምንት ብቅ ብሎ ነጥብ ከሚያድለው ይለያል። የመሣሪያው ጠላቶች የበዙት በዚህ ሳይሆን ይቀራል?

ደግሞስ የተማሪው ጽሑፍ ለምን ለአንድ መምህር ብቻ ይቀርባል? የእንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ ከ6 ሚሊዮን በላይ ጽሑፎች አሉት፤ የአማርኛው 15,000 ገደማ ነው። በየዓመቱ የሚጻፉት የመመረቂያ ጽሑፎች በመደርደሪያ ላይ አቧራ ይጠጣሉ። የማስተማሪያው ቋንቋ እንግሊዝኛ መሆኑን የሚያስታውሰኝ አይጠፋም። ተማሪው በእንግሊዝኛ ያነበበውን ስለ አፈር መሸርሸር የሚናገር ምዕራፍ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ ወይም በትግርኛ ለወገኑ ማስረዳት ካልቻለ፣ መረዳቱን በምን እናውቃለን?

መንግሥትም ከዚህ ተጠያቂነት አያመልጥም። በ2009 እና በ2011 ዓ.ም. አገር አቀፍ ፈተና በደረሰ ጊዜ ኢንተርኔት ተዘጋ። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ዩኒቨርሲቲዎች ሲዘጉ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ትምህርታቸውን በኢንተርኔት እንዲቀጥሉ ተነገራቸው፤ ከሰኔ 23 ጀምሮ ግን ያው ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ያህል ተቋረጠ። የትግራይ ጨለማ ከዚያ የባሰና የረዘመ ነበር፤ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮም የአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘግቶ ቆይቷል። ማብሪያና ማጥፊያውን በእጁ የያዘ አካል «ዲጂታል ትምህርት» እያለ ሲፎክር መምህሩ በምን ልቡ ይመነው?

ከሁሉ የከፋው ግን ፍርሃቱ ነው። በመወያያ ገጽ ላይ ስሙን አኑሮ የሚጽፍ ተማሪ፣ ስሙን አይተው ብሔሩን የሚገምቱ እንዳሉ ያውቃል። የጻፈው ነገር ፎቶ ተነሥቶ ከአውዱ ውጭ ከግቢው ሊወጣ እንደሚችልም ያውቃል። በክፍል የተነገረ በክፍል ይቀር ነበር፤ የተጻፈ ግን ይቆያል። ስለዚህ በምዝገባ ለተማሪዎቹ ብቻ የተከፈተ ገጽ፣ ለጓደኛ በብዕር ስም መጻፍ የሚቻልበት ነገር ግን መምህሩ ማንነቱን የሚያውቅበት አሠራር፣ የክፍል ውይይትን አሳልፎ የሰጠ የሚጠየቅበት ደንብ ያስፈልጋል። ይህ የሶፍትዌር ጥያቄ አይደለም፤ የሴኔት ውሳኔ ነው።

ሴኔቱ ከተሰበሰበ አይቀር አንድ ተጨማሪ አጀንዳ ይያዝልኝ። 80 ተማሪዎች በየሳምንቱ አንድ አንድ ገጽ ቢጽፉ፣ አንድ መምህር እያንዳንዱን በ5 ደቂቃ ብቻ አንብቦ ቢመልስ 400 ደቂቃ፣ ማለትም ወደ 7 ሰዓት ይፈጅበታል። ይህ ሰዓት በማስተማር ጭነቱ ውስጥ ይቆጠርለት። ገንዘቡ ከየት ይመጣል ለሚለኝ፣ ከባነሩና ከሥልጠናው አበል ቢጀመር አልከፋም።